የጥንት ዓመትን ወደ ዛሬ አቆጣጠር እንዴት እንመልሳለን?

በድንጋይ፣ በፓፒረስ ወይም በብራና ላይ «በ145 ዓመት» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው የሚቀንሰውን ወይም የሚደምረውን አንድ ቁጥር ነው። ይህ አካሄድ አንዳንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ዓመት ያሳስታል፤ የከፋ ሲሆን ደግሞ በብዙ መቶ ዓመታት ያርቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጥንት ሕዝቦች ሁሉ «ዓመት» የሚል ቃል ቢኖራቸውም የዓመቱ ርዝመት፣ የሚጀምርበት ቀንና የሚቆጠርበት መነሻ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም የጥንት ዓመት ከማስላታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለብን፦ ይህ ዓመት ስንት ቀን ነው? በየትኛው ቀን ይጀምራል? ከምን ተነሥቶ ተቆጠረ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች በተግባር ለመመለስ የሚረዳ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ስምምነት እናድርግ። በዚህ ጽሑፍ «ቅ.ል.ክ.» ያልሁት በአውሮፓውያን ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ዓመት ነው፤ «እ.ኤ.አ.» ደግሞ ከልደት በኋላ ያለውን የአውሮፓውያን ዓመት ያመለክታል፤ «ዓ.ም.» ያልሁት የእኛን የኢትዮጵያን ዓመት ብቻ ነው። የጥንት ዘመን የአውሮፓውያን ቀናት ሁሉ በጁልየስ ቄሣር አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር እስከ 1582 እ.ኤ.አ. ድረስ አልነበረምና። የራሳችንን ወሮች ከነሱ ጋር እንዳናምታታ የአውሮፓውያኑን ወሮች ጃንዋሪ፣ ኦገስት እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ጥንት ዓመት ቁጥር ሳይሆን ስም ነበረው

በብዙ የጥንት ከተሞች ዓመት የሚታወቀው በዚያ ዓመት በተሾመው ሰው ስም ነበር። አቴናውያን በአርኮናቸው፣ ሮማውያን በሁለቱ ቆንስሎቻቸው፣ አሦራውያን ሊሙ በሚሉት ሹም ዓመቱን ይሰይሙ ነበር። ይህ አሠራር ለከተማው ነዋሪ በቂ ነው፤ ለጎረቤት ከተማ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ችግሩን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የፔሎፖኔዝ ጦርነት የጀመረበትን ዓመት ለመናገር የተገደደበት አጻጻፍ ነው። ክሪሲስ በአርጎስ የሄራ ካህን ከሆነች በ48ኛው ዓመት፣ አይኔሲያስ በስፓርታ ኤፎር በነበረበት ጊዜ፣ ፒቶዶሮስ በአቴና አርኮን ሆኖ የሹመት ዘመኑ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት፣ ከሠላሳ ዓመቱ የሰላም ውል በኋላ በ15ኛው ዓመት፣ በጸደይ መግቢያ ላይ፤ ይህን ሁሉ ደርድሮ የጠቆመው እኛ ዛሬ «431 ቅ.ል.ክ.» ብለን በአንድ ቃል የምንጽፈውን ዓመት ነው። የሦስት ከተሞችን ሹማምንት የጠራው ሦስቱም ከተሞች የሚጋሩት የዓመት ቁጥር ስላልነበራቸው ነው።

እንዲህ ያለ ስም ሲገጥምዎ ስሌት አይጀምሩ። የሚያስፈልግዎ የስም ዝርዝር ነው፤ የአቴና አርኮኖችና የሮማ ቆንስሎች ዝርዝር በአብዛኛው ተጠብቆ ደርሶናል። ስሙን በዝርዝሩ ላይ ፈልገው ካገኙ በኋላ የሚቀርዎት የሹመቱ ዘመን መቼ እንደሚጀምር ማረጋገጥ ነው። የአቴናው አርኮን የሚሾመው ከአውሮፓውያኑ በጋ ረጅም ቀን (በጁን መጨረሻ ገደማ) በኋላ ባለችው አዲስ ጨረቃ ነበር፤ በመሆኑም የአንዱ አርኮን ዓመት በሁለት የአውሮፓውያን ዓመታት ላይ ያርፋል። የሮማ ቆንስሎች ከ153 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ በጃንዋሪ 1 ሥራ ይይዙ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ያለው የሮማ ዓመት ለእኛ ቀላል ነው።

የዓመቱን ርዝመት ማወቅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። ጨረቃ ከአንዷ ልደቷ እስከ ሌላው በአማካይ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመትም በ11 ቀን ያንሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት የተማረ ሰው ይህችን 11 ወዲያው ያውቃታል፤ አበቅቴን (የጨረቃን ትርፍ ቀን) ለማግኘት ወንበርን (በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለፉትን ዓመታት) በ11 የምናባዛው ለዚህ ነው። ባቢሎናውያን ወራቸውን ጨረቃ ስትታይ ይጀምሩ ነበር፤ ዓመቱ ከወቅቱ እንዳይሸሽ ደግሞ አልፎ አልፎ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጨምሩበት ነበር። በመጨረሻ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ወር ብቻ ቢጨመር ሁለቱ ብርሃናት እንደገና እንደሚገናኙ አረጋገጡ፤ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር እኩል ይሆናልና። በአቴና ሜቶን ይህንኑ ዑደት በ432 ቅ.ል.ክ. አሳወቀ። የእኛ ንዑስ ቀመርም 19 ዓመት ነው።

በእንዲህ ያለ ጨረቃን ከፀሐይ ጋር በሚያስታርቅ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲያገኙ አንዱ ዓመት 354፣ ሌላው 384 ቀን ገደማ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ። የሁለት ሰነዶችን ርቀት በቀን ለማስላት ከፈለጉ በመካከላቸው ስንት ተጨማሪ ወር እንደገባ ሳያውቁ አይጀምሩ።

ግብፃውያን ሌላ መንገድ መረጡ። ዓመታቸው 365 ቀን ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮች ነበሩት፤ ከመጨረሻቸው አምስት ቀን ይታከላል። ስድስተኛ ቀን አልነበረም። ስለዚህ የዓመቱ መጀመሪያ የሆነው ቶት 1 በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዙሩን ጨርሶ ወደ ቦታው ለመመለስ 1460 የጁልየስ ዓመት ያስፈልገዋል። ተንቀሳቃሽ ዓመት የሚባለው ይህ ነው። ለገበሬው አስቸጋሪ ሊመስል ይችላል፤ ለኮከብ ቆጣሪ ግን ከዚህ የተመቸ ዓመት አልነበረም፤ ሁሉም ዓመት እኩል ስለሆነ ማባዛት ብቻ ይበቃልና። የእስክንድርያው ኮከብ ቆጣሪ በጥሊሞስ የባቢሎንን ነገሥታት ዘመን ሳይቀር በዚህ ዓመት የቆጠረው ለዚህ ነው። መነሻውም ናቦናሳር በነገሠበት ዓመት ያለው ቶት 1፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 26 ቀን 747 ቅ.ል.ክ. ነው።

ይህን በእጃችን እንሞክረው። በናቦናሳር ዘመን 425ኛው ዓመት የሚጀምረው መቼ ነው? ከመነሻው ጀምሮ ያለፉት ሙሉ ዓመታት 424 ናቸው። 424 ለአራት ሲካፈል 106 ነው፤ ስለዚህ ቶት 1 በዚያ ጊዜ 106 ቀን ወደ ኋላ ሸሽቷል። አሁን 747 ላይ 424 ቀንሰን 323 ቅ.ል.ክ. ላይ እንቆማለን፤ ከዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 26 ተነሥተን 106 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ኖቬምበር 12 ቀን 324 ቅ.ል.ክ. ላይ እንደርሳለን። ታላቁ እስክንድር ከሞተ በኋላ የነገሠው የወንድሙ የፊልጶስ ዘመን በጥሊሞስ ዘንድ የሚጀምረው በትክክል በዚህ ቀን ነው። እስክንድር ራሱ የሞተው በ323 ቅ.ል.ክ. ጁን ወር ነው፤ የተተኪው ዘመን ግን ከሞቱ በፊት ካለው ቶት 1 ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ወደ ነገሥታት ዘመን ስንመጣ እናየዋለን።

በዚሁ ስሌት ጥቂት ብንቀጥል ለእኛ እጅግ ቅርብ ወደ ሆነ ነገር እንደርሳለን። አውግስጦስ ግብፅን በያዘበት በ30 ቅ.ል.ክ. ቶት 1 ወደ ኦገስት 31 ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሮማ አስተዳደር በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ተጨማሪ ቀን እንዲገባ አደረገ፤ ተንቀሳቃሹ ዓመትም ባለበት ቆመ። የቆመበት ቦታ ኦገስት 29 ነው። ቶት የእኛ መስከረም ነው፤ ጳጉሜን የሚለው ስምም «የተጨመሩ» ከሚል የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው። በሌላ አነጋገር እንቁጣጣሽ ዛሬ በሴፕቴምበር 11 የሚውለው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሸሽ የኖረው የግብፅ አዲስ ዓመት በዚያ ቀን ላይ ስለተገታ ነው፤ ከኦገስት 29 እስከ ሴፕቴምበር 11 ያለው 13 ቀን የጁልየስና የጎርጎርዮስ አቆጣጠሮች ልዩነት ብቻ ነው። ይህን ለብዙ ሰው ባስረዳሁ ቁጥር እኔም እንደገና እደነቃለሁ።

ስድስተኛዋን ቀን መጀመሪያ ያሰቡት ግን ሮማውያን አልነበሩም። በ238 ቅ.ል.ክ. በካኖፖስ የተሰበሰቡ የግብፅ ካህናት በንጉሡ በሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ደንግገው በድንጋይ አስቀርጸው ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ድንጋጌውም ከድንጋዩ አልወጣም። ስለዚህ ከአውግስጦስ በፊት የተጻፈ የግብፅ ሰነድ ሲያገኙ፣ ድንጋጌውን አይተው ስድስተኛ ጳጉሜን አያስገቡ።

የሮማ ዓመት ከጁልየስ ማሻሻያ በፊት 355 ቀን ነበር፤ ካህናቱ ደስ ባላቸው ጊዜ ተጨማሪ ወር ያስገቡ ነበር፤ ለወዳጃቸው ሹም ዘመኑን ለማርዘም ወይም ለባላጋራቸው ለማሳጠር ያደረጉበትም ጊዜ አለ። ጁልየስ ቄሣር የእስክንድርያውን ሶሲጌኔስ አማክሮ ነገሩን ሲያስተካክል 46 ቅ.ል.ክ. 445 ቀን ሆነ። ስለዚህ ከ45 ቅ.ል.ክ. በፊት ያለን የሮማ ቀን ከወቅቱ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ «ጃንዋሪ» የሚለው ቃል የአውሮፓን የክረምት ብርድ ያመለክታል ብሎ የሚያምን ይሳሳታል።

አንድ ዓመት ደግሞ በእኛ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ በምልአት ተጠብቆ ይገኛል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ዓመቱ 364 ቀን ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ሩብ ዓመት 91 ቀን፣ ማለትም ልክ 13 ሳምንት ነው፤ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ፣ ሦስተኛው ሠላሳ አንድ ቀን አላቸው። 364 ለሰባት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል እያንዳንዱ በዓል በየዓመቱ በአንድ ዓይነት የሳምንት ቀን ይውላል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙ ጥቅሎችም ይህን አቆጣጠር ያውቁታል። በኩፋሌ ውስጥ ቀን ሲያነቡ በግብፅ ወይም በእኛ ወር ልክ አያስሉት፤ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው።

የዓመቱ መጀመሪያ የት ነው?

በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሰሌውቅያ ተብሎ የሚጠራውን ዘመን እንውሰድ። ሰሌውቆስ ባቢሎንን ከያዘበት ጊዜ የተነሣ ነው፤ በሶርያና በግሪኮቹ ዘንድ መነሻው የ312 ቅ.ል.ክ. መጸው ሲሆን በባቢሎን ግን የ311 ቅ.ል.ክ. ጸደይ ነው፤ ባቢሎናውያን ዓመታቸውን በኒሳን ስለሚጀምሩ እስከ ቀጣዩ ኒሳን ጠብቀዋልና። በግሪክኛው ቀዳማዊ መጽሐፈ መቃብያን፣ ያም ከእኛ መጻሕፍተ መቃብያን የተለየ ነው፣ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ145 ዓመት በኪስሌው ወር እንደረከሰ ተጽፏል። ኪስሌው ዲሴምበር ገደማ ነው። አሁን እናስላ። ከመነሻው 144 ዓመት አልፏል። በመጸው ከጀመርን 312 ሲቀነስ 144 ይሆናል 168፤ ዓመቱ ከ168 መጸው እስከ 167 መጸው ነው፤ ኪስሌውም በዲሴምበር 168 ቅ.ል.ክ. ይውላል። በጸደይ ከጀመርን 311 ሲቀነስ 144 ይሆናል 167፤ ኪስሌው በዲሴምበር 167 ቅ.ል.ክ. ይውላል። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ወር፣ ሁለት መልስ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ።

እንዲህ ሲያጋጥም እኔ የምጠቀመው ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ወረቀት አግድሞ አስቀምጣለሁ፤ ከላይ የጁልየስን ዓመታት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እየከፋፈልሁ በተከታታይ እሥላለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የማሰላውን ዓመት በራሱ መጀመሪያ ቀን ላይ ጀምሬ በሌላ መስመር አሰምራለሁ። ከዚያ የሰነዱን ወር በታችኛው መስመር ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጌ ከላይ ወዳለው ዓመት ቀጥ ብዬ አነብባለሁ። በልብ ከማስላት ይህ ይሻላል፤ በተለይ ቅ.ል.ክ. ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚቆጠሩ አእምሮ በቀላሉ ይሳታል።

አይሁድ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የዓመት መጀመሪያ ነበራቸው። ሚሽና አራቱን ይዘረዝራል፦ ኒሳን 1 ለነገሥታትና ለበዓላት፣ ኤሉል 1 ለከብት ዐሥራት፣ ቲሽሪ 1 ለዓመታት ቁጥር፣ በሸባጥ ደግሞ ለዛፎች። ይህ ግራ ሊያጋባ አይገባም፤ ዛሬም የበጀት ዓመት ሐምሌ 1፣ ዘመን መለወጫ መስከረም 1 እንለዋለን።

ንጉሡ መንገሥ የጀመረው መቼ ነው?

ዓመት በንጉሥ ዘመን ሲቆጠር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል። ንጉሡ በዓመቱ መካከል ከነገሠ፣ እስከ አዲስ ዓመት ያለው ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ይባላል ወይስ አይባልም? ባቢሎናውያን አይባልም አሉ፤ ያን ጊዜ «የመንገሥ መጀመሪያ» ብለው ለይተው አንደኛውን ዓመት ከቀጣዩ ኒሳን ይጀምራሉ። ናቡከደነፆር በ605 ቅ.ል.ክ. ሴፕቴምበር ቢነግሥም አንደኛ ዓመቱ ከ604 ጸደይ ነው። ግብፃውያን ግን ይባላል አሉ፤ ንጉሡ ከመንገሡ በፊት ካለው ቶት 1 ጀምሮ ያለውን ዓመት ሁሉ አንደኛ ዓመቱ አድርገው ይቆጥራሉ። የፊልጶስ ዘመን ከእስክንድር ሞት በፊት የጀመረበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ክስተት በአንዱ መጽሐፍ በሦስተኛው ዓመት፣ በሌላው በአራተኛው ዓመት ሆነ ቢባል ወዲያው አንዱ ተሳስቷል አይበሉ። በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ኢዮአቄም በነገሠ በሦስተኛው ዓመት የተባለውና በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 46 ስለ አራተኛው ዓመት የተነገረው ነገር እንዴት እንደሚስማማ ብዙ ሊቃውንት የሚያስረዱት በእነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች ልዩነት ነው።

የግብፁ ልማድ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም አሻራውን ትቷል። ክርስቲያኖችን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የታወጀው በኖቬምበር 20 ቀን 284 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእርሱ መንገሥ የሚቆጠረው ዓመተ ሰማዕታት ግን የሚጀምረው ኦገስት 29 ቀን 284 ነው፤ ገና ሳይነግሥ ካለፈው ቶት 1። ዓመተ ሰማዕታትን ወደ ዓ.ም. ለመመለስ 276 ይደምሩ፤ ሁለቱም በመስከረም ስለሚጀምሩ እዚህ ላይ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግም።

መነሻውን አግኝቶ ማስላት

ቁጥሩ ከአንድ የታወቀ መነሻ የተቆጠረ ከሆነ ሁለት ደንቦች በቂ ናቸው። ውጤቱ ከልደት በፊት ከሆነ ከመነሻው ዓመት ላይ የሰነዱን ቁጥር አንድ ጎድሎ ይቀንሱ። ውጤቱ ከልደት በኋላ ከሆነ ከሰነዱ ቁጥር ላይ የመነሻውን ዓመት እንዳለ ይቀንሱ። የሁለተኛው ደንብ ምክንያት በ1 ቅ.ል.ክ. እና በ1 እ.ኤ.አ. መካከል ዜሮ ዓመት አለመኖሩ ነው። ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች 1 ቅ.ል.ክ.ን ዜሮ ብለው ስለሚጽፉት የነሱን ሠንጠረዥ ሲጠቀሙ በአንድ ዓመት እንዳይሳሳቱ ይጠንቀቁ።

የኦሎምፒያድ አቆጣጠር መነሻው 776 ቅ.ል.ክ. ሲሆን አራት አራት ዓመት ይቆጠራል፤ ዓመቱም በአውሮፓውያኑ በጋ (በጁላይ ገደማ) ይጀምራል። የ75ኛው ኦሎምፒያድ የመጀመሪያ ዓመት ለማግኘት 74 በ4 ተባዝቶ 296፤ ከ776 ሲቀነስ 480 ይሆናል። የሳላሚስ የባሕር ጦርነት በ480 ቅ.ል.ክ. ሴፕቴምበር የተደረገው በዚህ ዓመት ነው፤ ሄሮዶቱስ የጠራው አርኮን ካሊያዲስም የዚሁ ዓመት ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ሲያደርሱ ስሌቱ ጸንቷል ማለት ነው። ሮማውያን ከከተማቸው ምሥረታ የቆጠሩት ዘመን በቫሮ ስሌት ከ753 ቅ.ል.ክ. ይነሣል፤ በዕለት ተዕለት ሰነድ ላይ ግን እምብዛም አይገኝም።

ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የሒምያር ዘመን ለታሪካችን እጅግ ቅርብ ነው። መነሻው 110 ቅ.ል.ክ. ሲሆን ዓመቱ በጸደይ ይጀምራል። ከናጅራን አቅራቢያ በሒማ ዐለት ላይ የአይሁዳዊው የሒምያር ንጉሥ የጦር አዛዥ ያስቀረጸው ጽሑፍ በ633 ዓመት ተጽፏል። 633 ሲቀነስ 110 ይሆናል 523 እ.ኤ.አ.፤ ወሩም በጁላይ ገደማ ስለሚውል በዓመቱ መጀመሪያ ምክንያት የሚመጣ ጥርጣሬ የለም። የናጅራን ሰማዕታት መከራና የአፄ ካሌብ ዘመቻ በዚህ ቁጥር ዙሪያ የሚሰደሩ ናቸው።

የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያኑ በሰባትና በስምንት የሚለየው ለምን እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ400 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ቆጥሮ የትስብእትን ዓመት ወሰነ፤ የሮማው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ደግሞ በ525 እ.ኤ.አ. ሌላ ዓመት ወሰነ። ዲዮናስዮስ የእስክንድርያን የፋሲካ ሠንጠረዥ ተቀብሎ ከዲዮቅልጥያኖስ 247ኛ ዓመት ቀጥሎ 532 ብሎ ጻፈ፤ የአሳዳጁን ስም ማስታወስ እንደማይፈልግም ገልጿል። ለዛሬው ዘመን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይደመራል። ለጥንት ዘመን ግን ይህ ድንበር አይሠራም፤ የጁልየስ ጃንዋሪ 1 የሚውለው ጥር 6 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ጥር 5። ከ1582 እ.ኤ.አ. በፊት ያለን ቀን የሚያሰላ ሰው ድንበሩን ወደ ጥር መጀመሪያ ማዛወር አለበት።

በብራና ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት

ግእዝ ብራና በሚያነብ ሰው ዘንድ በጣም አሳሳቹ ትንሽ ቁጥር ነው። በብዙ ጥንታዊ ብራናዎች «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ዛሬ የምንጽፈውን ዓ.ም. ሳይሆን በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለን ዓመት ያመለክታል። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ የጨረቃው 19 በፀሐዩ 28 ተባዝቶ የተገኘ ነው። ከዓመተ ሰማዕታት መነሻ ተቆጥሮ 532 ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ስለዚህ መነሻዎቹ 276፣ 808 እና 1340 ዓ.ም. ናቸው።

ለምሳሌ በአንድ ብራና ላይ «በ90 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ» የሚል ቢገኝ እንዲህ እናደርጋለን። 1340 ላይ 90 ስንደምር 1430 ዓ.ም. ይሆናል። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 6930 ነው። ለአራት ስናካፍለው መጠነ ራብዒቱ 1732፣ ቀሪው 2 ነው፤ ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ ስለሆነ ማርቆስ ይወጣል፤ ከብራናው ጋር ገጠመ። 6930 እና 1732 ሲደመሩ 8662፤ ለሰባት ሲካፈል ቀሪው 3፤ ማክሰኞን አንድ ብለን ስንቆጥር መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 6930 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 14፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13፤ 13 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል አበቅቴው 23፤ መጥቅዑም (ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው) 7። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ እንዳልተዛባ ያረጋግጣል።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቆም አይቻልም። 808 ላይ 90 ደምረን 898 ዓ.ም. ብንል ወንጌላዊው፣ ዕለቱ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይወጣሉ፤ 532 የሁሉም ዑደት መሙያ ስለሆነ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ቁጥሩ ሳይሆን በብራናው ላይ ያለው የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ነው። አፄ ዘርአ ያዕቆብ የሚል ካለ፣ ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡ ስለሆነ፣ 1430 ዓ.ም. ማለትም 1437/38 እ.ኤ.አ. ነው። ስም ከሌለ የፊደሉ አጣጣልና የብራናው አሠራር እስኪመረመር ድረስ ሁለቱንም ዓመታት ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል።

ውጤትዎን ሲጽፉም ወሩ ካልታወቀ አንድ ዓመት ብቻ አይጻፉ፤ 1437/38 ብለው ሁለቱን በእዝባር (/) ያገናኙ፤ ከጎኑም በሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ከነዘመኑ ስም ያኑሩ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ስሌቱን ከመነሻው ደግሞ መሥራት እንዲችል።